ጥያቄና መልስ፦ የልጅ ልጄ መኪና ለምን የጎረቤትን ሪሞት ትታዘዛለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ ፒያሳ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ ስሆን፣ ባለፈው የገና በዓል ለስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ በሪሞት የምትሄድ ቀይ መኪና ገዝቼለት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግቢውን ሙሉ ስትዞር የሰነበተችው መኪና ወር ሳይሞላት ከሪሞቱ ሦስት እርምጃ ስትርቅ ቀጥ ማለት ጀመረች። ይባስ ብሎ ለጎረቤታችን ልጅ ከዚያው ሱቅ ተመሳሳይዋ ተገዝታለት ስለነበር፣ እሱ የራሱን ሪሞት ሲጫን የእኛዋ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ከግድግዳ ጋር ትላተማለች፤ ልጆቹም በዚሁ ሰበብ ተኳርፈዋል። ባትሪዋ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አድሮ ጧት ስነካው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ልጁ ሰኔ ላይ ካርዱን ሲቀበል ሌላ እንድገዛለት ቃል አስገብቶኛል። ዳግመኛ እንዳልታለል ምን ምን አይቼ ልግዛ? የቀድሞዋንስ ማዳን ይቻል ይሆን?
አያት፣ ከጎንደር

መልስ፦ አባታችን፣ የሁለቱ ልጆች ኩርፊያ መነሻው የሬዲዮ ሞገድ ነውና ከዚያ እንጀምር። ርካሽ የሪሞት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በ27፣ በ40 ወይም በ49 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ሲሆን፣ እነዚህ መኪናዎች ትእዛዙ ከየትኛው ሪሞት እንደ መጣ የሚለዩበት ብልሃት የላቸውም፤ በዚያ ሞገድ «ወደ ፊት» የሚል ምልክት ከደረሳቸው ማንም ይላከው ማን ይሄዳሉ። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሞገድ የተሠሩ ስለሚሆኑ፣ በአንድ ሰፈር በተጫወቱ ቁጥር እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በመኪናዋ ሆድ ላይ ወይም በሪሞቱ ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። አሁን የሚገዟት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የምትሠራ ትሁን። የዚህ ዓይነቶቹ መኪናና ሪሞት መጀመሪያ ሲበሩ ይተዋወቃሉ፤ ብልጭ ድርግም ይል የነበረው መብራት ረግቶ ሲበራ ተጣምረዋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ የሌላውን ሪሞት አትሰማም። አሥር ልጆች በአንድ ሜዳ ቢጫወቱባቸው እንኳ አይጋጩም፤ ሲጣመሩ ብቻ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ በተራ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስት እርምጃ ላይ መቆሟን በተመለከተ፣ መኪናዋን ለጠጋኝ ከመውሰድዎ በፊት የሪሞቱን ባትሪ ድንጋይ ይቀይሩ። ሰው ሁሉ የመኪናዋን ባትሪ ሲሞላ የሪሞቱን ድንጋይ ይረሳዋል፤ ሲደክም ግን መጀመሪያ የሚያጥረው መኪናዋን የሚያዝበት ርቀት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ድንጋይ ቀላቅሎ ማስገባት አሮጌውን ያፈሰዋል። እኛ ልጆች ሳለን የሬዲዮ ድንጋይ በጥርስ ነክሰን ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር፤ ለጥቂት ደቂቃ ዜና ማስደመጡ አይካድም፣ አሁን ግን ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። ድንጋዩ የሚቀመጥበትን ቤት ከፍተው በሽቦዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ በጥጥ ነክረው ይጥረጉትና በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ከአልካላይን ድንጋይ የሚፈሰው ነገር የሎሚው ተቃራኒ ስለሆነ ሎሚው ያመክነዋል፤ እጅዎን መታጠብ ግን አይርሱ።

ቀጥሎ አንቴናውን ይመልከቱ። የ27 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 11 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሪሞቱ የሚሳብ ረጅም ዘንግ፣ መኪናዋም የተንጠለጠለ ሽቦ ያስፈልጋቸዋል፤ ልጆች ዘንጉን ሳይስቡ ይጫወታሉ፣ ወይም ሽቦዋን ይቆርጧታል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ግን ሞገዱ 12 ሳንቲ ሜተር ተኩል ብቻ ስለሆነ 3 ሳንቲ ሜተር የምታህል ሽቦ ትበቃለች፤ እሷም መኪናዋ ውስጥ ስለምትደበቅ ከልጅ እጅ ትድናለች።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ፣ ወደ ባትሪው ልምጣ። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚታደርበት ቤት ሌሊት መሰካት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከርካሽ መኪና ጋር የሚመጣው ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ ራሱን የማያጠፋ በመሆኑ፣ ከሞላ በኋላ የሚገባው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የነኩት ምጣድ ያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ባትሪው ላይ 700 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ቻርጀሩ ላይ ደግሞ 250 ሚሊ አምፔር ተብሎ ቢጻፍ፣ 700 ለ250 ሲካፈል 2.8 ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት 4 ሰዓት ግድም ይበቃዋል። በዚህ መሠረት የራስዎን ባትሪ ቁጥር አይተው አስልተው፣ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ከአልጋና ከምንጣፍ ርቆ በሲሚንቶ ወለል ወይም በሰሃን ላይ ይሙሉት። መኪናዋ እንደ ቆመች ወዲያው አይሰኩት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይብረድለት። ያበጠ ባትሪ ካገኙ ደግሞ ቢሠራም እንኳ ከቤት ይውጣ እንጂ ዳግመኛ አይሞላ።

እንግዲህ ሱቅ ሲገቡ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል አያማልልዎ። ባትሪው ወጥቶ የሚቀየር መሆኑን ይጠይቁ፤ ተበይዶ የተዘጋ ከሆነ ባትሪው የሞተ ዕለት መኪናዋም ትሞታለች። ሻጩን «ድንጋይ አስገብተህ አሳየኝ» ይበሉትና መኪናዋን መሬት አስቀምጠው እርስዎ ሪሞቱን ይዘው ከደጅ እስከ መንገዱ ማዶ ይራቁ፤ ያን ጊዜ የማትታዘዝ ከሆነ ቤት ገብታ አትሻሻልም። መጠኗን በተመለከተ፣ 1 ለ24 የሚል ከተጻፈ 4 ሜትር የምትረዝም እውነተኛ መኪና ወደ 17 ሳንቲ ሜተር ወርዳ ተሠርታለች ማለት ነው፤ 1 ለ16 ከሆነ 25 ሳንቲ ሜተር ትሆናለች። የእኛ ከተማ ኮብልስቶን ለትንሿ አይመችም፤ ጎማዋ በድንጋዮቹ መካከል ይቀረቀራል። ሆዷ መሬት የሚነካ የእሽቅድድም መኪና ሳሎን ውስጥ ታምራለች፤ ለግቢና ለሰፈር ግን ሆዷ ከፍ ያለ፣ ጎማዋ ሰፊና ከፕላስቲክ ይልቅ ከላስቲክ የተሠራ ይምረጡ። ይህን የምለው ለልጄ በመልኳ ብቻ መርጬ የገዛኋት መኪና በመጀመሪያው ቅዳሜ ደጃፋችን ላይ ስትገለበጥ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ለስድስት ዓመት ልጅ ብዙ ቁልፍ ያለው ሪሞት አያስፈልገውም፤ አንዱ ለፊትና ለኋላ፣ ሌላው ለግራና ለቀኝ ከሆነ ይበቃዋል። መኪናዋ ወደ እሱ ፊቷን አዙራ ስትመጣ ግራና ቀኝ ስለሚገለባበጡበት ግራ ይጋባል፤ «አንተ ውስጧ እንደ ተቀመጥክ አስብ» ብለው ለጥቂት ቀናት ከኋላዋ እየተከተለ እንዲነዳት ያድርጉ። ባጃጅ ከሚያልፍበት መንገድ ግን ይራቅ፤ ልጅ ዓይኑ ከመኪናዋ አይነቀልምና ባጃጁን አያየውም። ሰኔ ከተገዛች ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ፣ ጭቃና ኩሬ ውስጥ ካልገባች በረንዳ ላይ ትሰነብታለች። ከረጠበች ግን ወዲያው ባትሪዋን አውጥተው ሙሉ በሙሉ እስክትደርቅ አያብሯት።

የቀድሞዋ መኪና ድንጋዩ ከተቀየረና ሽቦው ከተጠረገ በኋላም እየተጎተተች ከሄደች፣ ገልብጠው የጎማዎቹን ዘንግ ይዩ። በገና ቤት የተጎዘጎዘ ቄጤማ ላይ ተነድታ ከሆነ፣ ሣሩና የአያት ፈትል ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሯን አንቆት ሊሆን ይችላል። ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትተው በመርፌ ያውጡት። ከዳነች፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር በተራ እየተጫወቱባት ትቆያለች።

ጥያቄ፦ ለልጄ ዘመድ ከአሜሪካ የሪሞት መኪና አምጥቶላት ነበር፤ የቻርጀሩ ሹካ ጠፍጣፋ ሲሆን 120 ቮልት ይላል። መቀየሪያ ገዝቼ ልሰካው? የሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሟስ አብሯት ቢጫወት ችግር ይኖረዋል?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህታችን፣ አይሰኩት። ከሱቅ የሚገዛው መቀየሪያ የሹካውን ቅርጽ ብቻ እንጂ የመብራቱን ጉልበት አይለውጥም፤ የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ስለሆነ ቻርጀሩ ይቃጠላል። «100–240» የሚል ቢሆን ኖሮ በመቀየሪያው ይሠራ ነበር። ቻርጀሩን ይዘው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይሂዱና፣ የሚያወጣው ቮልትና አምፔር ከእሱ ጋር እኩል የሆነ፣ ጫፉና የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም የሚገጥም ሌላ ያፈላልግልዎ።

ታናሽዬውን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ «0–3» የሚል ቁጥር ያለበት፣ በላዩ መስመር የተሰመረበት የሕፃን ፊት ካለ፣ መኪናዋ ትንንሽ ክፍሎች ስላሏት ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትሆንም። ይበልጥ የሚያሰጋው አንዳንድ ቀጫጭን ሪሞቶች ውስጥ የሚገባው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፤ ሕፃን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ከሆነ ሪሞቱን ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጡት። ውጦታል ብለው ከጠረጠሩ ሳያስመልሱት፣ «ነገ እናየዋለን» ሳይሉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የባትሪውን መሸፈኛ ካገኙም ዓይነቱ እንዲታወቅ ይዘውት ይሂዱ።