የድሮ ፊልም ፕሮጀክተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

የቤት ፊልም ማሳያ የሆኑ የድሮ ፕሮጀክተሮችን መፈተሽና መጠገን በጣም የምወደው ሥራ ነው። ስለ ግዢ የምትጠይቁኝ ነገር ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ማሽን ቢበላሽ ሌላ ማሽን ይገኛል። የእናትና አባታችሁ ሠርግ የተቀረጸበት ፊልም ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን ፕሮጀክተር የምመዝነው ፊልሙን ሳይጎዳ ያሳልፋል ወይ በሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ትተውልን ካለፉት ዕቃ መሃል የፊልም ጥቅሎች አገኘን። ምን ዓይነት ፕሮጀክተር ልፈልግ?

መጀመሪያ ፊልሙን ለይ። ባለ 8 ሚሊ ፊልም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፦ ኮዳክ በ1932 እ.ኤ.አ. ያወጣው መደበኛ 8፣ እና በ1965 የመጣው ሱፐር 8። ወርዳቸው እኩል ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ጫፉን ወደ ብርሃን አንሳና ቀዳዳዎቹን እይ። በመደበኛው ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፤ የሚገኘውም አንዱ ምስል አልቆ ሌላው በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው። በሱፐር 8 ላይ ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ከምስሉ ወገብ ትይዩ ይቀመጣል። የጥቅሉ መሃል ቀዳዳም ይለያያል፤ የሱፐር 8 ሰፊ ነው። የአንዱን ፊልም በሌላው ማሽን አታስገባ። ፊልሙን የሚጎትተው ጥፍር ቀዳዳውን ስቶ ምስሉን ይቧጭረዋል።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም የሚያሳይ ማሽን አይሻልም?

ሁለቱም ዓይነት ካለህ ይሻላል። ግን ከመክፈልህ በፊት መቀየሪያው በቀላሉ መንቀሳቀሱን አረጋግጥ። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ተፈትቶ የሚቀየር ክፍል አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው። የጥቅል መያዣው ማስተካከያም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ይሠራል» አለኝ። ልመነው?

ሻጩ ዋሽቶህ ላይሆን ይችላል። «ይሠራል» ሲል ሞተሩ ይዞራል፣ አምፖሉም ይበራል ማለቱ ነው። ፊልም ያሳልፋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እኔ ሶኬት ላይ ከመሰካቴ በፊት ገመዱን ጫፍ እስከ ጫፍ እዳስሳለሁ። የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ አልሰካም። ከዚያ የቮልቴጅ መምረጫውን አያለሁ፤ 110 ላይ ያለ ማሽን 220 ላይ ከተሰካ አለቀለት። ቀጥሎ በእጅ የሚዞረውን ቁልፍ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ለዓመታት የተቀመጠ ግሪስ እንደ ሙጫ ይደርቃል። እምቢ ካለ አታስገድደው፤ የሚሰበረው ፕላስቲኩ ነው።

በእጅ ከዞረ አምፖሉን ሳላበራ ሞተሩን አስነስቼ አዳምጣለሁ። ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም አስኬደዋለሁ። አምፖሉን የማበራው መጨረሻ ላይ ነው።

ዋናው ፈተና ግን የማትፈልገው ቁራጭ ፊልም ነው። ጥቂት ሜትር ደጋግመህ አሳልፍ። ከዚያ አውጣውና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር አዘንብለህ እየው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ካየህ፣ ፊልሙ ከአምፖሉ ፊት በሚያልፍበት ጠባብ በር ላይ ቆሻሻ ተጋግሯል። አልኮል በነካ ጥጥ ይጸዳል። በካቻቢቴ ወይም በምላጭ ግን እንዳትነካው፤ አንዴ የተጫረ ብረት ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ፊልም ሁሉ ይጭራል። የቀዳዳዎቹን ማዕዘንም እይ። ከተቀደዱ ወይም ከተቆነጠጡ ጥፍሩ ችግር አለበት፤ እሱ ሳይስተካከል የቤተሰብ ፊልም አታስገባ።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክተሬ ሲዞር ድው ድው ይላል። ኦይሚግ የሚባለው ነው።

የኦስትሪያዎቹ ኦይሚጎች ብዙዎቹ ኃይል የሚያስተላልፉት በጎማ ዊል ነው። ማሽኑ ማርሽ ላይ እንዳለ ለዓመታት ከተቀመጠ ጎማው በአንድ በኩል ይጎደጉዳል። የምትሰማው ያንን ነው። ትንሽ ሲሠራ ድምፁ ከቀነሰ ተስፋ አለው። ካልሆነ ጎማው ይቀየራል። ፋብሪካው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለወደቀ ዛሬ ጎማውን አሠርተው የሚሸጡት እንደኛው ወዳጆቹ ናቸው። እኔ ኦይሚግን እወዳለሁ፤ ይህ ችግር አያስተወኝም።

ጥያቄ፦ ቤል ኤንድ ሃውል የሚባል ፕሮጀክተር በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ትላለህ?

ክዳኑን ሳትከፍት አትግዛ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ በብረት ዘንግ ላይ የተሰካ የፕላስቲክ ማርሽ አለ፤ ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። በባትሪ ብርሃን ቀጭን ስንጥቅ ፈልግ። ከተሰነጠቀ ዛሬ ቢዞርም ነገ ይቆማል። መቀየሪያው ይገኛል፣ ሥራው ግን ለጀማሪ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ቺንጋው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ልጣለው?

በፍጹም! ቺንጋ ከሁሉም ቀላሉ ጥገና ነው። የቀለጠውን በአልኮል አጥራና በልኩ አዲስ ግዛ። እንዲያውም እንዲህ ያለውን ማሽን ሰው ስለሚፈራው በርካሽ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ አምፖሉ የተቃጠለ ማሽን ልግዛ?

መጀመሪያ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ እህቴ። ከኋላው እንደ ሳህን ያለ መስተዋት ያለው፣ 12 ቮልት 100 ዋት፣ «ኢ ኤፍ ፒ» የሚባለው ሃሎጅን ከሆነ አትስጊ፤ ዛሬም ይገኛል። መስተዋቱ ብርሃኑን ወደፊት እየላከ ሙቀቱን ብዙውን ወደኋላ ስለሚያሳልፍ ለፊልሙም ይራራል። የቆዩት ባለ 500 እና 750 ዋት አምፖሎች ግን ብርቅ እየሆኑ ነው፣ ሙቀታቸውም ኃይለኛ ነው። ማሽኑን ከመግዛትሽ በፊት አምፖሉን ፈልጊ። አዲሱን ስትገጥሚም ብልቃጡን በባዶ ጣት አትንኪ።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ራሱ የሚያስገባ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚገባ?

አሮጌ ፊልም ካለህ በእጅ የሚገባውን ውሰድ። ራሱ የሚያስገባው ለአዲስ ፊልም ምቹ ነው። አሮጌ ፊልም ግን ጫፉ ይጠቀለላል፣ የተቀጠለበት ቦታ ይላቀቃል፣ መንገድ ላይ ይታጠፋል። ያኔ ከተዘጋው መተላለፊያ ውስጥ ፊልሙን ማውጣት ጭንቅ ነው። በእጅ የሚገባው ላይ ግን ሞተሩን አጥፍተህ ከየትኛውም ቦታ ታላቅቀዋለህ። አንተ ስታስገባ ከበሩ በላይና በታች ላላ ያለ ቀለበት መተው አትርሳ። ያ ካልኖረ ምስሉ ይዘላል፣ ቀዳዳውም ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ ድምፅ ያለው ልግዛ?

የፊልሙ ጠርዝ ላይ ድምፅ የሚቀረጽበት ቡናማ የማግኔት መስመር አለ? ከሌለ ድምፅ አልባውን ግዛ። የሚበላሸው ነገር ያንሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ፊልሞቼ አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ። ማሳየት እችላለሁ?

እናቴ፣ ይህንን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ሽታው የሚመጣው ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት ሲፈርስ ነው። ሲፈርስ ይኮማተራል፣ ይደርቃልም። የተኮማተረ ፊልም ቀዳዳው ከጥፍሩ ጋር አይገጥምም። በማስመሪያ ይለኩት፦ 100 ምስል በመደበኛ 8 ወደ 381 ሚሊ ሜትር፣ በሱፐር 8 ወደ 423 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አራት ሚሊ ሜትር ያህል ከጎደለ አንድ በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው፤ ምንም ያህል ጥሩ ፕሮጀክተር ቢኖርዎት አያስገቡት። ያለ ጥርስና ያለ ጥፍር የሚያሳልፍ ስካነር ላለው ባለሙያ ይስጡ። እስከዚያው ከሌሎቹ ፊልሞች ይለዩትና አየር በሚያገኝ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። አይዘግዩ፤ መፍረሱ አንዴ ከጀመረ እየፈጠነ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ግድግዳ ላይ አሳይቼ በካሜራ ስቀርጸው ብልጭ ድርግም ይላል።

የፕሮጀክተሩ ሻተር፣ ማለትም እየዞረ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክንፍ ስላለው እያንዳንዱን ምስል ሦስቴ ያበራዋል። በሴኮንድ 18 ምስል ከሆነ 54 ብልጭታ ነው። ያ ከካሜራህ ጋር አይገጥምም። ፍጥነቱ የሚስተካከል ማሽን ካለህ ወደ 16.7 አውርደው፤ ብልጭታው 50 ይሆናል። ካሜራህን በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ የካሜራውን ሻተር ደግሞ 1/50 ላይ አድርገው። ካሜራህ 30 ብቻ ከሆነ ማሽኑን ወደ 20 ከፍ አድርግ፣ ሻተሩንም 1/60። ፍጥነቱን እያየህ ቀስ ብለህ አስተካክል፤ ብልጭታው እየዘገየ ሄዶ የሚጠፋበትን ቦታ ታገኘዋለህ። ሞተሩ እስኪሞቅ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ግን መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ፊልም አስኪደው።