መኪናችሁ ስትሞቅ ብቻ ለምታስቸግራችሁ፣ ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኔ ከ20 ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ብዙውን የሰራሁት ቤንዚን ሞተርና ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ሰው በከንቱ ብዙ ብር ሲያወጣ የማየው "ጠዋት ደህና ናት፣ ስትሞቅ ነው የምትረብሸኝ" በሚባለው ብልሽት ላይ ነው፣ ምክንያቱም መኪናዋ ጋራዥ ደርሳ ተራ እስኪደርሳት ትቀዘቅዛለች፣ መካኒኩ ያስነሳታል፣ ምንም የላትም፣ ከዛ በግምት እቃ ማስቀየር ነው። ሲሞቅ የሚመጣ ችግር ሲሞቅ ነው መያዝ ያለበት። በሉ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ኮሮላ 110 አለችኝ፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን እየሄድኩ ጥፍት ትልብኛለች። 20 ደቂቃ ቆሜ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። የቤንዚን ፓምፓ ሁለቴ ቀይሬያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ ሦስተኛ እንዳትገዛ። መጀመሪያ የጠፋው እሳቱ ነው ወይስ ነዳጁ የሚለውን እወቅ። ትርፍ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) መኪናህ ውስጥ አስቀምጥ፣ ስትጠፋብህ ወዲያው (ሳትቀዘቅዝ!) አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለህ ትርፉ ላይ ሰካና ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘው፣ በእጅህ ግን አትያዘው ይመታሃል፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ይምታልህ። ሰማያዊ እሳት ካየህ ወደ ነዳጁ ሂድ፣ ምንም ካላየህ ፓምፓው ንፁህ ነው፣ ጥርጣሬህን ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለው ፒካፕ ወይ የክራንክ ሴንሰር (ሁለቱም የሞተሩን መዞር የሚነግሩ ሴንሰሮች ናቸው) ወይ ኮይሉ (የካንዴላውን እሳት የሚፈጥረው) ላይ አድርግ። ሞተሪኖ ሲመታ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቀስቷ ከዜሮ ንቅንቅ ካላለችም ሲግናል እንደሌለ አንድ ምልክት ነው።

ለምን ሲሞቅ ብቻ? ሴንሰሩ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ አለ፣ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ሲቀዘቅዝ ይነካካል ሲሞቅ ይላቀቃል። አንድ ባለታክሲ እንዳንተው ፓምፓ ሲያስቀይር ከርሞ መጣ፣ ጋራዥ አላስገባሁትም፣ ጎኑ ተቀምጬ እስክትጠፋ ድረስ ስንዞር ቆየን ጎተራ ጋ ጠፋች። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ጨርቅ ላይ አፍስሼ ሴንሰሩ ላይ ጠቀለልኩት፣ ጨርቁ ትንሽ ጭስ አለ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቀን ቁልፍ ሲሰጣት ተነሳች። ሰውየው መሪውን ይዞ ዝም አለ፣ ያወጣውን ብር እያሰበ መሰለኝ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ መብራት ላይ ስቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ስትቀዘቅዝ ግን ምንም የላትም። ቼክ ኢንጂን አንዳንዴ ይበራል።

መልስ፦ እህቴ ሞተር ቀዝቃዛ እያለ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል ሚኒሞውንም (ቤንዚን ሳትረግጪ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ይሸፈናል። ሲሞቅ ቤንዚኑን ይቆጥባል ሚኒሞውም 700 አካባቢ ይወርዳል፣ ያኔ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦም የቆሸሸ ትሮትልም (የአየር መግቢያው በር) የደከመ ኮይልም ይጋለጣል። የቼክ ኢንጂኑን ኮድ በሙቀቷ በማሽን አስነብቢ። ፒ0301 ካለ እሳት የሚስተው አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ የእሱን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይረው ነድተሽ እንደገና አስነብቢ፣ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ኮይሉ ነው፣ እዛው ከቀረ ካንዴላ ወይ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) እዩ። ሁሉንም ኮይል ቀይሪ ካሉሽ እሺ አትበይ፣ ይሄ ሙከራ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ የኔዋ ትፈላለች ግን የሚገርመው ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሳይነሳ ነው የምትፈላው። ራዲያተር አስጠርጌያለሁ።

መልስ፦ የራዲያተር ክዳኑን ቀየርከው? ይሄን ነገር አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የብዙ መኪና ቬንትሌተር ደሞ የሚነሳው ከ90 እስከ 100 ባለው መሀል ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይ 1.1 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ያ ግፊት ካለ ውሃው ከ110 በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ደርቆ ግፊት ካመለጠ ግን ቬንትሌተሩ ሳይደርስ ይፈላል ማለት ነው። ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈት፣ በሙቅ ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ። አዲስ ክዳን ካደረክም በኋላ ከቀዝቃዛ አስነስተሃት በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተከታተለ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በታችኛው አካል መሀል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ አትንዳት።

ጥያቄ፦ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) ለኛ ሀገር አያስፈልግም ተብሎ ወጣልኝ፣ ከዛ ወዲህ ቤንዚን ትጠጣለች።

መልስ፦ መልሰህ አስገባው። ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። የገዛኸውን ቤትህ ሞክረው፣ በክር አንጠልጥለህ ድስት ውስጥ ንከረው። 82 የሚል ከተፃፈበት ውሃው ከመፍላቱ በፊት ከንፈሩ ሲላቀቅ ታያለህ። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ስለሆነ እዚህ ከተማ በድስት ውሃ ጥግ ድረስ አይከፈትም፣ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትጥለው።

ጥያቄ፦ ልጄ እኔ አሮጌ ቮልስ ነው ያለኝ፣ ሞቃ ካጠፋኋት እሺ አትለኝም።

መልስ፦ አባቴ እድሜ ይስጥልን፣ ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ውስጥ ያለው ቤንዚን በሙቀቱ እየፈላ ነው፣ ከፍታ ላይ ደሞ ይብሳል። ሲያስነሱ ፔዳሉን ደጋግመው አይምቱት፣ እስከ ታች ረግጠው ይዘው ቁልፍ ይስጧት። ከዛ ሞተሩን ዙሪያውን የሚከበው ላስቲክ መኖሩን ያሳዩ፣ ብዙ ቮልስ ላይ አርጅቶ ወድቋል፣ እሱ ከሌለ ከታች ያለው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባና ራሱን ያሞቃል።

ጥያቄ፦ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ወፍራም ዘይት ላድርግ?

መልስ፦ አታድርግ፣ መብራቱን ነው እንጂ ችግሩን አይደለም የምታጠፋው። መጀመሪያ የዘይቱን ልክ እይ፣ ልክ ከሆነ ግፊቱን በሙቀቱ በጌጅ አስለካው፣ ግፊቱ እውነት ከወረደ የዘይት ፓምፓው ወይ ኩሽኔታው (የክራንኩ ማረፊያ) ተበልቷል፣ ግፊቱ ደህና ከሆነ ግን መብራቱን የሚያበራው ትንሿ ስዊች ናት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ ጋሼ፣ አሁን ሞክሬ እሳት የላትም! ጨርቁን የት ላድርገው?

መልስ፦ ጎበዝ! ቁልፉን አጥፋና መጀመሪያ ኮይሉ ላይ፣ ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቀህ ጨርቁን አንስተህ አስነሳ። እምቢ ካለች እንደገና አሙቃትና ስትጠፋ ሴንሰሩ ላይ። ሁለቱንም አንድ ላይ አታቀዝቅዝ፣ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ሶማሌ ተራ (የመኪና እቃ መሸጫው) ስትሄድ አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድ፣ የሶኬቱ እግር ብዛት ይለያያልና አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ሳታይ ብር እንዳትሰጥ።