ማታ ማታ ፊክስ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ከሚሠራ ወጣት ቀያሽ ነው። ለሙያው አዲስ ለሆነ፦ ቤዝ በታወቀ ነጥብ ላይ የሚቆም የሳተላይት ሪሲቨር ነው፤ ሮቨር ደግሞ ይዘነው የምንዞረው፣ ከቤዙ በሬዲዮ ማረሚያ የሚቀበለው። ሮቨሩ ቦታውን በሳንቲ ሜትር ደረጃ ሲይዝ ፊክስ፣ ያ ጥራት ሲጠፋ ፍሎት እንላለን። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ከተማ ውስጥ የመንገድ ቅየሳ ላይ ነን። ቀን ትራፊኩ ስለማያሠራ ማታ ነው የምንወጣው። ቤዙ ከሥራው ቦታ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሁሉም ሰላም ነው። ወደ 1 ተኩል ገደማ ሮቨሩ ከፊክስ ወደ ፍሎት ይወርድና አንዳንዴ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ምንም የማይታይበት ማታም አለ። ባትሪ ቀየርን፣ የሬዲዮውን አንቴና ከፍ አደረግን፣ ፍሪኩዌንሲ ለወጥን። የፀሐይ ማዕበል ይሆን ብዬ ኬፒ የሚባለውን ቁጥር ባየው 2 ነበር፤ ማለትም ጸጥታ። አለቃዬ ሪሲቨሩ ተበላሽቷል፣ ይመለስ እያለ ነው።»

ወንድሜ፣ ሪሲቨሩን ለመመለስ አትቸኩል። መጀመሪያ ሬዲዮውን ከተጠርጣሪነት እናውጣው። ፍሎት ላይ ስትሆን ኮንትሮለሩ ላይ የማረሚያውን ዕድሜ ተመልከት። 1 ወይም 2 ሰከንድ ላይ ከሆነ ማረሚያው ከቤዙ እየደረሰህ ነው። 10፣ 20፣ 30 እያለ ወደ ላይ የሚቆጥር ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለውን ትተህ ሬዲዮህን አሠራ።

ቀጥሎ የሳተላይቶቹን የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየውን ገጽ ክፈትና ሁለት ደቂቃ ዝም ብለህ ተመልከተው። ዛፍ ወይም ሕንፃ ሲጋርድህ ቁጥሩ ወርዶ እዚያው ይቀመጣል። እኔ የጠረጠርኩት ነገር ከሆነ ግን 45 የነበረው 30 ይሆናል፣ ተመልሶ 44፣ ደግሞ 28። በሰከንዶች ውስጥ ይዋዥቃል፤ ያውም በአንድ በኩል ባለው ሰማይ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ብቻ። ሳተላይቱ ከሚልክባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አብዛኛውን ጊዜ ኤል2 የሚባለው ከኤል1 ቀድሞ ይጠፋል።

ከግድግዳና ከቆርቆሮ የሚነጥር ሲግናል እንዳይሆን ደግሞ ሰዓቱን መዝግብ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ እየቀደሙ ወደዚያው የሰማይ ቦታ ይመለሳሉ። ችግሩ የነጠረ ሲግናል ቢሆን ዛሬ 1:30 ላይ ያየኸውን ነገ 1:26 ላይ በዚያው ሳተላይት ታየው ነበር። ያንተ ግን አንድ ማታ መጥቶ ሌላ ማታ ይቀራል፤ ሲመጣም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ፋይሉን ስትከፍት ሰዓቱ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት እንደሚጻፍ አትርሳ፤ የኛ ምሽት 1:30 እዚያ 16:30 ነው።

እነዚህ ምልክቶች ከተገጣጠሙ ጥፋተኛው የፕላዝማ አረፋ ነው፤ ማለትም በላይኛው አየር ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ፣ ኤሌክትሮን የሳሳበት ቦታ። የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በሀገራችን ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም አይርቅም። እዚህ የማግኔት መስኩ አግድም ስለተኛ፣ ቀን በአዮኖስፌር (በላይኛው አየር ባለው የኤሌክትሮንና የአየን ንብርብር) ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ፕላዝማውን፣ ማለትም የኤሌክትሮንና የአየን ድብልቁን፣ ወደ ላይ ያነሳዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ መስክ አቅጣጫውን ከመቀየሩ በፊት ለአጭር ጊዜ ይበረታና ንብርብሩን በፍጥነት ሽቅብ ይገፋዋል። በዚያው ሰዓት ከሥሩ ያለው ክፍል ጨለማ ውስጥ ስለገባ ኤሌክትሮኖቹ ከአየኖች ጋር እየተዋሃዱ ይመናመናሉ። ያን ጊዜ ውሃ ዘይት ላይ እንደተደፋ ይሆናል፦ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች። ቀላሉ ሰንጥቆ ይወጣል፤ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜም አለ። አረፋው ከሰሜን ወደ ደቡብ በማግኔት መስመሮቹ ላይ ተዘርግቶ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። የሳተላይቱ ሲግናል በሻካራ ጠርዙ ሲያልፍ ይበታተናል፣ ሪሲቨሩም የያዘውን የሞገድ ቆጠራ ይጥላል። በፍጥነቱ ካሰላኸው፣ ቤዝና ሮቨርህ በምሥራቅና ምዕራብ ከተራራቁ የአረፋው ጠርዝ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያች ደቂቃ ሁለቱ የሚያዩት ሰማይ አንድ አይደለም፤ የአርቲኬ (በቤዝና በሮቨር በቅጽበት የመለካት) ሥራ ደግሞ የቆመው አንድ ነው በሚል ግምት ላይ ነው።

ኬፒ ለምን አልነገረህም? ኬፒን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ጀርመናዊው ዩሊየስ ባርተልስ ነው። ቁጥሩ የሚሰላው ከ13 የማግኔት ጣቢያዎች ሲሆን፣ ሁሉም ከማግኔት ወገብ ርቀው ወደ ዋልታዎቹ ያዘነበሉ ናቸው። የኛን ምሽት የሚለካ አንድም የለበትም። በግንቦት 2016 መጀመሪያ ላይ የመጣው ማዕበል ጂ5፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ፣ ተብሎ ሲመዘገብና አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮች በዘር ወቅት ሥራ ሲፈቱ ኬፒ በትክክል ተናግሯል። አረፋ ግን ማዕበል አይጠብቅም፤ ፍጹም ጸጥ ባለ ማታ ይፈጠራል። እንዲያውም አንዳንድ ማዕበል አረፋ እንዳይነሳ ያፍነዋል። ስለዚህ እኛ አገር ቀያሽ ከኬፒ ይልቅ የእጅ ሰዓቱንና የቀን መቁጠሪያውን ቢያይ ይሻለዋል። የትኛው ማታ አረፋ እንደሚነሳ አስቀድሞ መናገር ተመራማሪዎቹንም ገና የሚፈትን ነው። አሜሪካኖች ለዚሁ ጣጣ ብለው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኖፍስ የተባለ ሳተላይት እስከማምጠቅ ደርሰዋል። አንተ ባለህበት ከተማም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የተባለ የጂኦስፔስ ምርምር ላቦራቶሪ አለ፤ ጥሬ ፋይልህን ይዘህ ብትሄድ የሚያነጋግርህ አታጣም ብዬ አስባለሁ።

አንጋፋ ቀያሾች «ዱሮ እንዲህ አልነበረም» ቢሉህ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፀሐይ ተኝታ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ግን የአሜሪካ የጠፈርና የአየር ሁኔታ ተቋማት የሆኑት ናሳና ኖኣ ከፍተኛ የእንቅስቃሴ ወቅቷ ላይ መድረሷን አስታውቀዋል፤ አዮኖስፌሩም በዚያው ልክ ወፍሯል።

አሁን ወደ ሥራው። እኔ ብሆን ኮንትሮል ፖይንቶቹን (መነሻ ነጥቦቹን) በሙሉ ጠዋት በጂኤንኤስኤስ፣ ማለትም በሳተላይት መለኪያው፣ አስገብቼ ማታ አንግልና ርቀት በጨረር በሚለካው ቶታል ስቴሽን እሠራ ነበር። ቶታል ስቴሽን ስለ አዮኖስፌር ግድ የለውም። ማታ በሮቨር መሥራት ግዴታ ከሆነ ቤዙን ወደ ሥራው አምጣው፤ ከ6 ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ይሻላል፣ ሲግናሉ ጨርሶ ሲጠፋ ግን እሱም አያድንህም። የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ሳተላይቶች ተዘግተው ከሆነ ክፈታቸው። አረፋው የሚሸፍነው የሰማዩን ከፊል ስለሆነ ሳተላይት በበዛ ቁጥር ንጹሑ ክፍል ላይ በቂ ይተርፍሃል፤ የሚዋዥቁትን ለይተህ አውጣቸው። አረፋው ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ የጀመርካትን ነጥብ ጨርስና ሻይ ጠጣ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል።

ከፍሎት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሐሰተኛ ፊክስ ነው። ፍሎትማ ራሱ አልቻልኩም ይልሃል። ሐሰተኛው ግን ስክሪኑ ላይ «ፊክስ፣ 0.015» (ማለትም 1.5 ሳንቲ ሜትር ስህተት) ብሎ ይጽፍና ፖሉን ቤንችማርክ (ከፍታው የታወቀ ነጥብ) ላይ ስታቆም ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ስቶ ታገኘዋለህ። የቦይ ቁልቁለት በዚያ ከተሰላ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አንተው አስበው። ማታ ፊክስ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚታወቅ ነጥብ ላይ ቁም። ዋና ነጥቦችን ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አራርቀህ ሁለቴ ለካ። ሪሲቨሩን ሁለት ሰዓት ስታቲክ (ሳይነቃነቅ) አስቀምጬ ቢሮ አሰላዋለሁ ብትልም፣ ሁለቱን ፍሪኩዌንሲ ማጣመር መዘግየቱን ያነሳል እንጂ የተቆረጠ ሲግናል አይቀጥልም።

ለአለቃህ የአንድ መጥፎ ማታ ጥሬ ፋይል በነፃው አርቲኬሊብ ፕሮግራም ክፈትለት። የተቆረጡት ቦታዎች በቀይ ሰረዝ ይታያሉ፤ ከጠዋቱ ፋይል ጎን ስታስቀምጠው ሪሲቨሩ ጤነኛ መሆኑን ያያል።

በነገራችን ላይ ማግኔቶሜትር (የማግኔት መስክ መለኪያ) ይዘው ማዕድን የሚፈልጉ ባልደረቦቻችን መከራቸው በተቃራኒው ቀን ነው። ወደ እኩለ ቀን ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ የሚፈሰው የወገብ የኤሌክትሪክ ጅረት የማግኔት መስኩን ከ100 ናኖቴስላ በላይ ሊያነሳው ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የማግኔት ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይህን ሲመዘግብ ኖሯል። አንድ መሣሪያ ቦታው ሳይነቃነቅ ሙሉ ቀን ካልተተወ የተገኘው «ማዕድን» እኩለ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ያንተ ክፉ ወራት መስከረምና ጥቅምት፣ ከዚያም መጋቢትና ሚያዝያ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ይረግባል፤ የማታ ሮቨር ሥራ የግድ ካለብህ ወደዚያ ግፋው።