መልስ፦ ካርዱ ገና ወረቀት በሆነበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የት ልለማመድ?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ለተግባር ልምምድ የወጣሽበት ሆስፒታል በወረቀት ካርድ ስለሚሠራ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የት እንደምትለማመጂ ጠይቀሻል። ኦፕንኤምአርኤስ የሚባለውን የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም ሞክሪው፤ በነጻ ይገኛል፣ እውነተኛ ያልሆኑ ታካሚዎች የተመዘገቡበት መለማመጃም አለው። ቁልፍ መጫኑን በአንድ ከሰዓት ትጨርሺዋለሽ። የሚከብደው መዝገቡን መጠራጠር ነው።

እኔ ተማሪዎችን የምፈትነው በልደት ዘመን ነው። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት አስቢ፦ 54 ኪሎ፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) 1.8፣ የተወለዱት በ1955 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው 62። መዝጋቢው 1955ን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሳይቀይር ካስገባው ኮምፒውተሩ 70 ያደርጋቸዋል። በኮክክሮፍት ጎልት ቀመር የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ 32.5 ሚሊ ሊትር መሆኑ ቀርቶ 29 ይወጣል። የረጋ ደም ለማከም የሚሰጠው ኤኖክሳፓሪን ደግሞ የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ አንድ ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ አባታችን ግማሹን መድኃኒት በአቆጣጠር ስሕተት ተነፈጉ ማለት ነው! የኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ በቀይ ሲበራ ተማሪው ሁሉ መጠኑን ለመቀነስ ይሽቀዳደማል፤ «አባቴ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እርሳቸው «በግ ጠባቂ ነበርሁ» ቢሉሽ ነገሩ አለቀ፤ 11 ዓመታቸው ነበር።

ከወረቀት ካርዶች እየወሰድሽ መለማመጃው ላይ ማስገባትም ጥሩ ነው፤ ስምና የካርድ ቁጥር ግን አይገባም፣ ካርዱን በስልክ ፎቶ ማንሳትም አይሞከርም።