ለገጠር ሥራ ቦክሰር፣ አፓቼ ወይስ ያገለገለ ዲቲ? ከፎገራ እስከ ጉና ሥር በሞተር የሚሠራ ሰው መልስ

ሰላም ወንድሜ። «ሞተር ያላችሁ ሰዎች፣ በመረጣችሁት ደስተኛ ናችሁ? እኔ ደቡብ ጎንደር ገጠር ተመድቤያለሁ። ቦክሰር 150 ልግዛ፣ ቲቪኤስ አፓቼ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ያማሃ ዲቲ 125?» ብለህ የጠየቅኸውን አይቼ ነው የምጽፍልህ። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ለዓመታት በሞተር ተመላልሻለሁ፣ አሁንም ሥራዬ ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤት ሞተርም ነድቻለሁ፣ በራሴ ገንዘብም ገዝቻለሁ። «ቦክሰር ግዛ» ብዬ ብቻ ማለፍ እችል ነበር። ግን ምክንያቱን ሳታውቅ ከገዛህ ስድስት ወር ሳይሞላህ የሰው ሞተር እያየህ መቆጨትህ አይቀርም፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አዎ፣ በሞተሬ ደስተኛ ነኝ። ያለኝ ሞተር ቦክሰር 150 ነው። የወደድኩት በፍጥነቱ ወይም በመልኩ አይደለም። የወደድኩት የትም ቢቆምብኝ የሚያስነሣልኝ ሰው ስለማላጣ ነው። ወረታ፣ ዓለም በር፣ ደብረ ታቦር፣ ክምር ድንጋይ፣ ንፋስ መውጫ፣ በእነዚህ ሁሉ ከተሞች ሞተር የሚጠግን ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ደግሞ እጁን የፈታው አብዛኛውን ጊዜ በቦክሰር ነው። ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ እዚያው ሱቅ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ። ሰው ሞተር ሊገዛ ሲሄድ ታንኩንና ማርሚታውን ያያል። አንተ ግን መጀመሪያ የምትመደብበት ከተማ ሂድና ጋራዡ በር ላይ ቁም። ተሰልፈው የሚጠገኑት የትኞቹ ናቸው? መደርደሪያው ላይ ያለው መለዋወጫ የየትኛው ነው? ለጥያቄህ ግማሹን መልስ እዚያ ታገኘዋለህ።

ሌላው ግማሽ መንገዱ ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር አስፋልት ስለሆነ ማንኛውም ሞተር ይወጣዋል። ችግሩ ከአስፋልቱ ወርደህ ወደ ቀበሌ ስትገባ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ አፈሩ ዋልካ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በሚተኙበት ክረምት፣ ሩዝ በሚዘራበት ማሳ ዳር ስትሄድ ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይመጣና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል። ከዚያ የፊት ጎማ መዞር ያቆማል። ወርደህ በእንጨት ታወጣለህ፣ ትንሽ ትሄዳለህ፣ እንደገና ትወርዳለህ። ቦክሰርም አፓቼም ፓራፋንጎው ጎማው ላይ የተጠጋ ነው። የእኛ አካባቢ ሰዎች ሐምሌ ሲገባ የፊቱን ፈትተው ቤት ያስቀምጡታል፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ፊትህ በጭቃ ይረጫል፣ ግን ትደርሳለህ። እንደ ዲቲ 125 ወይም ሆንዳ ኤክስኤል 125 ያሉት ፓራፋንጎአቸው ከጎማው ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚወዳደራቸው የለም።

ስለ አፓቼ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ላንሣልህ። አርቲአር 180 ነበረው። ሞተሩ 177 ሲሲ ነው፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ። አስፋልት ላይ ስትነዳው ደስ ይላል፣ ከባድ መኪና ለመቅደም ጉልበቱ አያንስም፣ ስትይዘው ይቆማል። ቀበሌ ለቀበሌ በሚዞርበት ጊዜ ግን በየቀኑ ያማርር ነበር። ክብደቱ ወደ 140 ኪሎ ይጠጋል፤ ብቻህን ጭቃ ውስጥ ሲተኛብህ 140 ኪሎ ብዙ ነው። ጎማው የአስፋልት ነው። መሪው ዝቅ፣ እግር ማሳረፊያው ወደ ኋላ ስላለ ኮረኮንች ላይ ቆመህ መንዳት አይመችም። በኋላ ባልደረባዬ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ መንገዷም ሰፊ ነው። አሁን ያንኑ ሞተር ከጓደኞቹ ሁሉ በላይ የሚያሞግሰው እሱ ነው። ሞተሩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሚነዳበት መንገድ ነው። እዚህ ግሩፕ ላይ «አፓቼ አይረባም» ወይም «አፓቼን የሚያክል የለም» የሚል ስታነብ፣ መጀመሪያ «የት ነው የምትነዳው?» ብለህ ጠይቅ።

ያገለገለ ዲቲ ያለው ጓደኛም አለኝ፤ ሞተሩን እንደ ልጁ ነው የሚወደው። እውነትም ይወደዳል። ቀላል ነው፣ ረጅም ነው፣ ድንጋይ ላይ ይረግጣል። ግን ባለ ሁለት ምት ሞተር መሆኑን አትርሳ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ለብቻው ባለ ታንክ ውስጥ ያለው ዘይት አልቆ ሳታይ ከነዳህ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ዘይቱን የሚረጨው ፓምፕ የሚታዘዘው በነዳጅ መስጫው ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫውን ለቀህ ዝም ብለህ ስትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት ግን ትንሽ ብቻ ያገኛል። ከደብረ ታቦር ወደ ዓለም በር ስትወርድ ጓደኛዬ በየመሀሉ ነዳጅ ነካ ነካ የሚያደርገው ለዚህ ነው። መለዋወጫ ሲፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሰው ይልካል፣ አንዳንዴ ሳምንት ይጠብቃል። እሱ ራሱ መፍታትና መግጠም ስለሚችልና ስለሚወደው አይሰለችም። አንተ ሞተር ፈትተህ የማታውቅ ከሆነ፣ ዲቲ ለመጀመሪያ ሞተርነት አልመክርህም።

የመሥሪያ ቤት ያማሃ ኤጂ 100 ከሰጡህ ግን ደስ ብሎህ ተቀበል። እሱም ባለ ሁለት ምት ነው፤ ነገር ግን ካቴናው ሙሉ በሙሉ በመሸፈኛ ውስጥ ነው፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፣ ማቆሚያ እግሩ በግራም በቀኝም ነው። ለገበሬና ለገጠር ሥራ ታስቦ የተሠራ መሆኑ ከእያንዳንዱ ነገሩ ይታያል። ጭቃና አቧራ የማይነካው ካቴና ምን ያህል እንደሚቆይ ያወቅሁት በእሱ ነው።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፤ ይህን ሳይነገራቸው ሞተር ገዝተው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል፣ ንፋስ መውጫ ከ3,000 በላይ፣ ጉና ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ቦክሰር 150 ባለ 144.8 ሲሲ ሞተር ነው፣ ጉልበቱ ወደ 12 የፈረስ ጉልበት ይባላል። ደብረ ታቦር ላይ ግን 9 አካባቢ ብቻ ነው የሚቀርህ። ከኋላህ ሰው ጭነህ ዳገት ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ሞተሩ የተበላሸ እንዳይመስልህ።

ጉልበቱን ሁሉ መመለስ አይቻልም፤ ግን የሚስተካከል ነገር አለ። ካርቡራተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። እዚህ ላይ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ምልክቱ ይታያል፤ ካንዴላውን ስትፈታ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኘዋለህ፣ ማርሚታው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ደህና መካኒክ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን በቀዳዳዋ የምታሳልፈውን ትንሽ ብሎን ጠበብ ባለች ይቀይርልሃል፣ የአየሩን ብሎንና ሚኒሞውንም ያስተካክላል። ካንዴላው ቡናማ መልክ ሲይዝ ልክ ሆነ ማለት ነው። ቆላ ወርደህ ለረጅም ጊዜ የምትሠራ ከሆነ ግን መልሰህ አስቀይራት፤ ያለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ሁለተኛው ዘዴ ጥርስ ነው። ከሞተሩ በኩል ያለችው ትንሿ ጥርስ 15 ከሆነች በ14 አስቀይራት። ከፍጥነትህ ትንሽ ትቀንሳለህ፣ ዳገት ላይ ግን ልዩነቱን ወዲያው ትሰማዋለህ። ለኔ ከዚያ ወዲህ ከክምር ድንጋይ በላይ ያሉት ዳገቶች ቀለውኛል።

ስለ ቁልቁለቱ በጣም አደራ እልሃለሁ። የኔ ሞተር ፍሬን ከፊትም ከኋላም ድራም ነው። ድራም ፍሬን ጭቃ አይፈራም፣ ሸራውም ርካሽ ነው፤ ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከያዝከው ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ ልጆችን ስታይ አትከተላቸው። ከብት፣ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በየመታጠፊያው አሉ። ለሄልሜት የምታወጣውን ገንዘብ ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብረህ ያዘው፤ ከተረፈኝ እገዛለሁ አትበል።

የሥራ ጭነትህንም አስብ። እኔ የምጭነው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው። አባ ሰንጋ በታየበት ቀበሌ ወይም ለዶሮ ፈንግል ክትባት ስሄድ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ብልቃጦቹም ሳይሰበሩ መድረስ አለብኝ። ስለዚህ ከኋላ በብረት የተበየደ የዕቃ መጫኛ አሠርቼ፣ ሳጥኑ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጌ በካላማዳሪ ቁራጭ አስረዋለሁ። ከገመድ ይልቅ ካላማዳሪ ይሻላል፤ ይለጠጣል፣ ኮረኮንች ላይ አይላላም። የቦክሰር መቀመጫ ረጅምና ጠፍጣፋ መሆኑ ለዚህ ተመችቶኛል። የአፓቼ የኋላ ወንበር ቀጭንና ወደ ላይ የተነሣ ስለሆነ ሳጥን ለመጫን ያስቸግራል።

ነዳጅ ላይ፣ አስፋልት ላይ በሊትር ከ45 ኪሎ ሜትር ብዙ አልርቅም፣ ጭቃ ውስጥ ግን በደንብ ይቀንሳል። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት የግድ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። አንድ ጊዜ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ደርሶኝ ሞተሩ ሲያጨስና ሲያንገዳግድ ውሏል። ስለዚህ ከመቅዳትህ በፊት ጣትህ ላይ ጠብ አድርግ፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይደርቃል፣ ጋዝ ያለበት ቅባት ይተዋል። ዘይቱንም በጊዜው ቀይር። መጠኑ አንድ ሊትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ለዚያች ገንዘብ ብሎ ሞተር የሚያስወርድ ሰው ያሳዝነኛል።

ያገለገለ ከገዛህ፣ ለሻጩ «ሳልመጣ እንዳታስነሣው» በለው። ሲሞቅ ብዙ ነገር ይደበቃል። ቀዝቅዞ እያለ ራስህ አስነሣው፤ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አልቋል ወይም ቫልቭ ላይ ችግር አለ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ሊብሬ «በኋላ ይመጣል» ከተባልክ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ። መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይሟላ አትንዳ። ከተማው ሞተር ከስንት ሰዓት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ እንደሚያዝም ቀድመህ ጠይቅ፤ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ወደ አዲስ አበባ ይዤው እገባለሁ የምትል ከሆነ ደግሞ፣ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እዚያ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ መጀመሪያ የፈቃዱን ነገር ጨርስ።

ብር ሰብስቤ ዛሬ እንደገና ብገዛ ያንኑ ቦክሰር እገዛለሁ። ልክ እንደገዛሁት የፊት ጥርሷን አሳንሳለሁ፣ የኋላውን ጎማ ጥርሱ ጎላ ባለ እቀይራለሁ፣ የዕቃ መጫኛውን አስበይዳለሁ። ያንተ ግን የሚወሰነው በቀበሌዎችህ ነው። ወረዳህ ፎገራ ከሆነና ክረምቱን ሙሉ ዋልካ ውስጥ የምትውል ከሆነ፣ መለዋወጫ ፍለጋው እያለም ቢሆን ረጅሙን ዓይነት፣ ማለትም ዲቲን ወይም ኤክስኤልን፣ እንድታስብ ልነግርህ እችላለሁ፤ ፋርጣ ወይም ጋይንት ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ቦክሰር። የትኛው ወረዳ እንደሆነና ከአስፋልቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትገባ እዚሁ ሥር ጻፍልኝ፤ መንገዱን የማውቀው ከሆነ በክረምት እስከ የት በሞተር እንደሚደረስ፣ ከየት በኋላ በእግር እንደሚኬድ እነግርሃለሁ።