«ንቆኝ ነው ወይ?» ላልሽው እህታችን፦ ፈረስሽ ከመደንበሩ በፊት ይነግርሻል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስምንት ዓመቱ ፈረስሽ በግቢ ውስጥ በግ ነው፤ ወደ ጫካው መንገድ ሲወጣ ግን በየቀኑ የሚያልፈው ጉቶ ያስደነብረዋል፣ ብቻውን ከጋጣው አልርቅም ይላል፣ ፊቱን ወደ ቤት ሲያዞር ደግሞ ልጓም አይገታውም። «ንቆኝ ነው ወይስ ባሕርዩ ነው?» ብለሻል። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ አብዛኞቹ «አለንጋ አሳዪው፣ አለቃው ማን እንደሆነ ይወቅ» ብለዋል። በዚህ አልስማማም። ይህንኑ ምክር ሰምቼ ከአንዲት ጥሩ ባዝራ ጋር ሁለት ዓመት ስላባከንኩ ምክንያቴን በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ከፈረስ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያዋ ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ፈጣን፣ ንቁ፣ ሰው የምትወድ። ዘወትር በምንሄድበት መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ የእንጨት ድልድይ ነበረች። ባዝራዋ እዚያ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኔ በተረከዜ እጎስማታለሁ፤ እንቢ ስትል አለንጋ አነሣለሁ። አንዳንድ ቀን ዘላ ታልፋለች፤ እኔም አሸነፍኩ ብዬ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ድሉ በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ። ድልድዩ አፋፍ ላይ ትቆም የነበረችው አሥር እርምጃ ርቃ መቆም ጀመረች፤ ቀጥሎ ሃያ። አንድ ቀን በኋላ እግሮቿ ተሽከርክራ ወደ መጣንበት ስትፈረጥጥ እኔ መሬት ላይ ቀረሁ፤ የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ።

ከኋላዬ ይጋልቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ባዝራዋን ይዘው ሲመለሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ድልድዩ ዘንድ የሆነው የነገሩ መጨረሻ ነው። እሷ ከትልቁ ዛፍ ጀምራ ስትነግርህ ነበር፤ አንተ የምታየው ድልድዩን ብቻ ነው።» ትልቁ ዛፍ ከድልድዩ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። እጄ እስኪድን ድረስ ከዚህ ንግግር ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ላንቺም መጀመሪያ የምለው ይህ ነው፦ ጉቶውን እርሺው። ፈረስሽ ጉቶው ጋ ሳይደርስ ምን ያደርጋል? እሱን ተመልከቺ።

ጆሮው ብዙ ይናገራል። በሰላም ሲሄድ አንዱ ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ አንቺ እየተመላለሰ ይሠራል። ወደ አንቺ የሚዞረው ጆሮ «እየሰማሁሽ ነው» ማለት ነው። ሁለቱም ጆሮዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ተተክለው ሲቀሩ ሐሳቡ ከአንቺ መለየት ጀምሯል። ቀጥሎ አንገቱ ከፍ ይላል፤ እርምጃው ያጥራል፤ ከኮርቻው በታች ጀርባው እንደ ሳንቃ ሲጠነክር በመቀመጫሽ ይሰማሻል። አፍንጫው ይሰፋል፤ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው መቆሙ፣ መሽከርከሩ ወይም መፈርጠጡ የሚመጣው። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ድረስ አንዳንዴ ሙሉ ደቂቃ አለ፤ አንዳንዴ ሦስት ሰከንድ። ጆሮው በተተከለበት ጊዜ ሥራ ከጀመርሽ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጀርባው ከጠነከረ በኋላ ከባድ ነው፤ ከተሽከረከረ በኋላ ኮርቻ ላይ ከመቆየት በቀር የምታስተምሪው ነገር የለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ወደ ኋላ ተለጥፎ የተኛ ጆሮና ዝንብ ሳይኖር የሚወናጨፍ ጭራ የፍርሃት ሳይሆን የቁጣ ወይም የሕመም ምልክት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«በየቀኑ የሚያልፈው ጉቶ እንዴት ያስደነብረዋል?» ላልሽው፣ ፈረስ ዓለምን እንደ እኛ አያያትም። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስላሉ ከ360 ዲግሪ ወደ 350 የሚጠጋውን ዙሪያ ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት ስፍራና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ብቻ ነው። በሁለቱ ዓይኖቹ በአንድነት የሚያየው ክፍል ግን ጠባብ ነው፤ ስለዚህ አንድን ነገር አጥርቶ ለማየትና ርቀቱን ለመገመት ራሱን ማንሣት፣ ማዘቅዘቅ ወይም ማዞር አለበት። አንቺ በዚያ ቅጽበት ዛቡን (በእጅሽ የያዝሽውን የልጓም ጠፍር) ካጠበቅሽበት፣ ማየት የሚፈልገውን እንዳያይ ከለከልሽው። ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አይለያዩም፤ ሰማያዊና ቢጫ ግን ይለያሉ። ከብርሃን ወደ ጥላ ሲገባ ዓይኑ የሚለምደው ከእኛ ዘግይቶ ነው፤ ከሜዳ ወደ ጥቅጥቅ ጫካ በሚገባበት ቦታ ላይ የሚያመነቱ ፈረሶች የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል። ሰው እስከ 20 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምፅ ሲሰማ ፈረስ እስከ 33 ገደማ ይሰማል። አንቺ ጸጥታ ብለሽ የምታምኚው ጫካ ለእሱ ጸጥ ያለ አይደለም።

ለጥያቄሽ ከሁሉ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ፈረሶችን ከአንድ ትልቅ የልጆች መጫወቻ ጋር ደጋግመው አለማመዷቸው። ከለመዱት በኋላ ያንኑ መጫወቻ 90 ዲግሪ አዞሩት። ፈረሶቹ አዲስ ነገር እንዳዩ ሆነው ደነገጡ። ጉቶሽን በዚህ ዓይን እዪው። ስትሄጂ የምታሳዪው አንዱን ጎን፣ ስትመለሺ ሌላውን ነው። ጠዋት ጥላው በአንድ በኩል፣ ማታ በሌላ በኩል ይወድቃል። ዝናብ ሲመታው ይጠቁራል። ለአንቺ አንድ ጉቶ ነው፤ ለእሱ አራት ወይም አምስት ሊሆን ይችላል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ አዲስ ነገርን ለፈረስ የማሳየው በሁለቱም ጎን ነው፤ እየሄድኩም፣ እየተመለስኩም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ጆሮው በተተከለበት ቦታ ላይ አቁሚው። አትጎስሚው፣ አታዙሪው፣ ዛቡንም አላልተሽ ያዢ። ይመልከት። አንገቱ ዝቅ ሲል፣ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሲለቅ፣ ወይም አንዱ ጆሮ ወደ አንቺ ሲመለስ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ጠይቂው። ከሰጠሽ እግርሽንም እጅሽንም በዚያው ቅጽበት ልቀቂ። ፈረስ የሚማረው ስትጫኚው አይደለም፤ ስትለቂው ነው። ከመልቀቅሽ በፊት በነበረው ሰከንድ ያደረገውን «ትክክሉ ይህ ነበር» ብሎ ይይዘዋል። እኔ ባዝራዬን ያበላሸኋት እዚህ ላይ ነው። ወደ ፊት ስትሄድም በተረከዜ አልለቃትም ነበር፤ የምለቃት ስትሽከረከርና ስፈራ ብቻ ነበር። ስለዚህ መሽከርከርን በትጋት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አንቺን የናቀሽ የሚመስለው ፈረስም ምናልባት ሳታውቂው ያስተማርሽውን በሚገባ የያዘ ተማሪ ነው።

ጉቶው ጋ ሳትደርሱ፣ እሱ ከመሸሹ በፊት አንቺው ራስሽ ወደ ኋላ መልሺው። ሦስት እርምጃ ቀርቦ ከተረጋጋ፣ ሳይፈራ ሁለት እርምጃ ይዘሽው ወደ ኋላ ተመለሺ። ደግሞ አቅርቢው። ሸሽቶ ሳይሆን በአንቺ ፈቃድ መራቁ ልዩነት አለው፤ የሚያስፈራው ነገር እንደማያሳድደውና መውጫ እንዳለው ይረዳል። ያን ዕለት ጉቶውን ሳታልፉ ብትመለሱ ምንም አልጎደለብሽም።

የራስሽን ትንፋሽም ጠብቂ። እ.ኤ.አ. በ2009 በስዊድን የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ፈረስ የሚመሩና የሚጋልቡ ሰዎች አንድን መንገድ ደጋግመው እንዲሄዱ ተደረገ፤ በመጨረሻው ዙር «ስታልፉ ጃንጥላ ይዘረጋል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተዘረጋም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ ስለ ጃንጥላው ምንም የማያውቁት የፈረሶቹም እንዲሁ። አንቺም ጉቶው ሲቃረብ ዛቡን ሳታስቢው እያሳጠርሽ ይሆናል። እኔ ድልድዩ ሲቃረብ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ፤ ማውራት መተንፈስን ያስገድዳል። ስለ ምንም ነገር ይሁን፣ ድምፅሽ ይሰማ።

ከጋጣው አልርቅም ማለቱ ሌላ ነገር ነው። ፈረስ በመንጋ የሚኖር፣ ሲፈራ የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ብቻውን መቅረት በደሙ ውስጥ አደጋ ማለት ነው። በጉልበት ጎትተሽ ብታወጪው ፍርሃቱን ታረጋግጪለታለሽ። ከኮርቻ ወርደሽ፣ ገመዱን ይዘሽ በእግርሽ አውጪው። ጓደኞቹን መጣራት ከሚጀምርበት ቦታ አሥር እርምጃ አስቀድመሽ ቁሚ፤ ሣር ካለ ትንሽ ይጋጥ፤ ተመለሺ። በማግስቱ አሥራ አምስት እርምጃ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት አሰልቺ ሥራ በኋላ ሁለተኛው ፈረሴ ብቻውን አንድ ሰዓት ሙሉ ተጉዞ በአንድ ጆሮው እየሰማኝ ተመልሷል። ዕረፍትንም ከቤት ርቆ እንዲያገኘው አድርጊ። እኛ አብዛኞቻችን በመንገድ እናደክመዋለን፣ በር ላይ ስንደርስ ወርደን ኮርቻ እናወልቅለታለን፤ ከዚያ ለምን ወደ በሩ ይሮጣል ብለን እንገረማለን።

ስለዚህ ወደ ቤት መሮጡን በልጓም አትታገዪው። ሁለቱን ዛቦች ባንድ ላይ ስትስቢ የሚደገፍበት ነገር ትሰጪዋለሽ፤ በጉልበትም አታሸንፊውም። አንዱን ዛብ ብቻ ቀስ አድርገሽ ወደ ጎን ክፈቺ፣ በሰፊው አዙሪው፣ ፊቱ ከቤት ሲርቅ በእርምጃ ይሂድ፣ ፊቱ ወደ ቤት ሲመለስ ከፈጠነ ደግሞ አዙሪው። ይህን ሜዳ ላይ እንጂ በጠባብ ወይም በገደላማ መንገድ እንዳትሞክሪው። አንዳንድ ቀን በሩን አልፈሽ ሂጂ። የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ሁልጊዜ በእርምጃ ጨርሺ፤ ለጡንቻውም ለትንፋሹም የሚበጀው ይህ ነው። አንድም ቀን ቢሆን ወደ ቤት ሽምጥ አትጋልቢ።

አሁን ስለ ሕመም። ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነው፦ ጠባዩ የተለወጠው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? በድንገት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ጥሪ። ሁለተኛው ፈረሴ ቁልቁለት ላይ አልሄድም ሲል «ሰነፍ» ብዬው ነበር። አንድ ቀን ኮርቻውን ሳወልቅ ጀርባው በሙሉ በላብ ርሶ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ግራና ቀኝ ደረቅ ሆኖ አገኘሁ። ኮርቻው እዚያ ላይ አጥብቆ ይጫነው ነበር፤ ቁልቁለት ሲወርድ ሸክሙ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ከወራት በኋላ በቦታው ነጭ ፀጉር በቀለ። ያ ነጭ ፀጉር እስከ ዛሬ አለ፤ ባየሁት ቁጥር «ሰነፍ» ያልኩት ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ጀርባውን በመዳፍሽ እየተጫንሽ ፈትሺ፣ ሰኮናውን አንሥተሽ እዪ፣ ጥርሱን አስመርምሪ። ጋጣው ውስጥ ተረጋግቶ ሳለ የልብ ምቱን ቆጥረሽ ያዢ፤ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 መሆን አለበት። የራሱን ቁጥር ካወቅሽ ሲታመም በቶሎ ትለዪዋለሽ።

ለጥንቃቄ ጥቂት ልበል። ከወጣሽ አሥር ደቂቃ በኋላ የኮርቻውን የሆድ ጠፍር እንደገና አጥብቂ፤ መጀመሪያ ሲታሰር ሆዱን የሚነፋ ብዙ ነው። ስልክሽን ከኮርቻው ቦርሳ ሳይሆን ከሰውነትሽ ላይ አድርጊ፤ ፈረሱ ከሸሸ ስልኩም አብሮት ይሄዳል። የራስ ቁር አድርጊ። ብስክሌት ከኋላ ከመጣ ፈረስሽን ወደ እሱ አዙረሽ ቁሚ፣ ብስክሌተኛው እንዲናገር ጠይቂው፤ የሰው ድምፅ ሲሰማ ያ እንግዳ ፍጥረት ሰው መሆኑን ይለየዋል። ከፊትሽ ካለው ፈረስ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ራቂ። ጀርባው ጠንክሮ አንቺም ከፈራሽ ደግሞ ውረጂ። «ከወረድሽ አሸነፈሽ» የሚሉሽን አትስሚ፤ እኔ ባልወርድ ኖሮ ያችን ድልድይ እስከ ዛሬ አልሻገርም ነበር። ስትመሪው ከትከሻው ጎን ሁኚ እንጂ ከፊቱ አትቁሚ፣ ቢዘል የሚያርፈው አንቺ ላይ ነው። ገመዱንም በእጅሽ ላይ አትጠምጥሚ።

ባዝራዬን የመለስኳት በእግሬ ነው። እጄ ከዳነ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ያህል ትልቁ ዛፍ ድረስ ብቻ እየመራኋት ሄድኩ፤ ጆሮዋ ሲተከል እንቆማለን፣ ስትተነፍስ እንሄዳለን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሳንቃውን አሸተተችው፤ አንድ እግሯን አኖረች፤ ኮቴዋ ሲጮህ ደንግጣ አነሣችው። ጠበቅኳት። እንደገና አኖረች። እኔ ዝም ብዬ ከትከሻዋ ጎን ቆሜ ነበር። በራሷ ጊዜ ተሻገረች፤ ከወዲያ ማዶ ቆማ ራሷን ዝቅ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ስትለቅ እንባዬ መጣ።

ነገ ፈረስሽን በእግርሽ እየመራሽ ወደ ጉቶው ሂጂ። ሁለቱም ጆሮዎቹ የት ላይ እንደሚተከሉ እርምጃውን ቆጥረሽ ያዢና ጻፊልን፤ ስትመለሺም እንዲሁ። ሌላ ቀን ጋልበሽው ኮርቻውን ስታወልቂ የላቡን ቅርጽ ፎቶ አንሥተሽ ብታያይዢው ደግሞ እኔም ሌሎቹም አይተን የሚታየንን እንነግርሻለን።