ዝዋይ ሥራ አገኘሁ፤ ኑሮው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ በነርስነት ተመርቄ ዝዋይ ሥራ አገኘሁ። ከተማዋን የማውቃት ሐዋሳ ስንሄድ በመኪና መስኮት ነው። ያየሁት አቧራ፣ ባጃጅና የዓሣ ቤት ታፔላ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ይደብርሻል» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ሐይቁን ፈርታ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንባቢያችሁ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔ እዚያ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ የምነግርሽ ኖሬ ያየሁትን ነው።

ያየሽው አስፋልቱን ነው፤ ዝዋይን ገና አላየሻትም። ሐይቁ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው ያለው። የመጀመሪያው ቅዳሜሽ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሺና ውረጂ። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው የሚመለሱት ያኔ ነው። ጀልባው ጠጋ ሲል ልጆቹ ቢላቸውን ይዘው ይከቡታል፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እዚያው ሆዱን ቀደው ያጥቡታል፣ አንጀቱን ወርወር ሲያደርጉት ከልጆቹ ቁመት የማያንሱት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች በሰው መሃል እየተጋፉ ይሻሙበታል። ያን ጠዋት አይተሽ ይደብረኛል ካልሽ ያኔ እንነጋገራለን።

ከተማዋ አሁን ባቱ ነው የምትባለው፤ ሐይቁ ደግሞ ደንበል። ብዙዎቹ ታካሚዎችሽ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሚሆኑ ከአሁኑ ጥቂት ልመጂ። «አካም» ብለሽ ስትጀምሪ የሰው ፊት ይፈታል፤ የቀረውን ራሳቸው ያስተምሩሻል።

ለእናትሽ ሐይቁ ያን ያህል ጥልቅ እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀላል አይደለም፤ ጀልባ የምትሳፈሪ ከሆነ ጠዋት ይሁን። አትዋኚበት፣ ብልሃርዝያ አለ። ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ዳር ዳሩን አትሂጂ። እኔ ይበልጥ የምሰጋልሽ ለወባው ነው፤ አጎበር ሳትይዢ እንዳትሄጂ። የጉድጓድ ውሃም አትጠጪ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ልጆች ሲመጡልሽ ምክንያቱ ይገባሻል።

የቤት ኪራይ ይከብድሻል። የአበባ እርሻው ሺህዎችን ቀጥሯል፤ አብዛኞቹ ከየገጠሩ የመጡ ያንቺ እኩያ ሴቶች ናቸው፣ አንዷን ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። ሥራ ሲለቀቅ መንገዱ በእነሱ ይሞላል። ተግባቢያቸው። እኔ የቅርብ ጓደኞች ያፈራሁት ከእነሱ ነው።

እረፍት ስታገኚ ደግሞ ቱሉ ጉዶ ሂጂ። ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቁ ነው። የዮዲት ጉዲት ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው እዚያ አስቀመጧት ይባላል፤ ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አሁንም ተራራው ላይ አለ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ብዙዎቹ ኑሮ ፍለጋ ወደ ዳር ወጥተዋል። የቀሩት ሽማግሌዎች ጋ ቁጭ ብለሽ ዛይኛ ሲጫወቱ ስሚያቸው፤ ባይገባሽም ጆሮሽ እንደሚያውቀው ይሆንብሻል፣ ቋንቋው እንደ አማርኛ ሴማዊ ሆኖ የስልጤኛና የሐረሪ የቅርብ ዘመድ ነውና።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይሰብረዋል። ያኔ አንድ ቆሮሶ ሳህን ይሞላ ነበር። ባለፈው ዓመት ስመለስ ግን ሳህኑ ላይ ሦስት ትንንሽ ተደርድረው መጡልኝ። የመረቡ ቀዳዳ ጠቧል፣ ለቲማቲምና ለሽንኩርት መስኖ በየዳሩ ፓምፕ ተተክሏል፣ እምቦጩም ገብቷል። በጾም ወቅት ደግሞ ፈላጊው ስለሚበዛ ጫጩቱ ሳይቀር ይወጣል። አደራሽን፣ መዳፍሽን የማታክል ቆሮሶ ቢያቀርቡልሽ አትግዢ።